ከቡናው በላይ፦ የጅማ ተራሮችና የአማተር ሬዲዮ ጥሪ

«ሲኪው፣ ሲኪው፣ ሲኪው። ኤኮ ታንጎ ትሪ አልፋ አልፋ።»

ቦታው አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ነው። ማይክሮፎኑን የያዘው ተማሪ ይህን «የሰማኝ ይመልስልኝ» የሚል ጥሪ ደጋግሞ ያሰማና ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ያዳምጣል። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ይመጣል፤ ከጣሊያን ሊሆን ይችላል፣ ከጃፓንም። ጥቂት ቆይቶ ድምፆቹ ዐሥር ይሆናሉ፤ ከዚያ ተደበላልቀው መለየት እስኪያቅት ይበዛሉ። እያንዳንዱ የራሱን መለያ እየጠራ ኢትዮጵያን ይጣራል። ሬዲዮኞቹ ይህን ግርግር «ፓይል አፕ» ይሉታል። ተማሪው ከጩኸቱ መካከል አንዱን ለይቶ «አምስት ዘጠኝ» ይለዋል፤ በደንብ እሰማሃለሁ ማለቱ ነው። ያኛውም መልሶ «ሰባ ሦስት» ብሎ በመልካም ምኞት ይሰናበታል። ቀጣዩ ተራውን ይጠብቃል።

በጥሪው የተሰማው ኢቲ3ኤኤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ መለያ ነው። «ኢቲ» የሚሉት ፊደላት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአገራችን ከመደባቸው መለያዎች አንዱ ሲሆኑ፣ በዓለም የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዘንድ በጉጉት ይጠበቃሉ። ዲኤክስሲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ የሽልማት ዝርዝር ውስጥ 340 አገሮችና ግዛቶች አሉ። ከ100ዎቹ ጋር የተገናኘ ሰው የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ሁሉንም ለማዳረስ ግን ዕድሜ ልክ የሚደክሙ አሉ። ብዙ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያሉበትን አገር ማግኘት ቀላል ነው። ጥቂት ጣቢያ ብቻ ያለበትን አገር ለማግኘት ግን ሰው ሌሊት ተነሥቶ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ከነዚህ ከሚጠበቁት ወገን ናት።

ይህ የኢትዮጵያ ድምፅ በአብዛኛው የሚሰማው ከአዲስ አበባ ነው። አገሪቱ ግን ከዋና ከተማዋ ውጭም ለሬዲዮ የተመቸ ሰፊ ከፍታ አላት። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ደቡብ ምዕራቡን ነው፤ ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች። ተራራው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ወጣቱ አለ። የቀረው ሦስቱን የሚያገናኝ ክበብና ፈቃድ ነው።

ያለ ክፍያ የሚሠራ ሙያ

ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ የአማተር አገልግሎትን ራስን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር የሚውል አገልግሎት ይለዋል። የሚሠሩትም ፈቃድ ያገኙ፣ ከገንዘብ ጥቅም ውጭ በግል ፍላጎት የሚነሡ ሰዎች ናቸው። በአማተር ሬዲዮ ማስታወቂያ አይነገርም፣ ንግድ አይካሄድም። ከአገር አገር በሚደረግ ግንኙነትም የመልእክቱን ትርጉም ለመሰወር በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ ክልክል ነው። የሚባለው ሁሉ ለሚያዳምጥ ሁሉ ክፍት ነው።

ከዚህ ሥራ ዘርፎች አንዱ ሬዲዮን ተሸክሞ ተራራ መውጣት ነው። ሰዎች ይህን ቀድሞም ያደርጉት ነበር፤ ወጥ ሥርዓት ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2002 በብሪታኒያ «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር»፣ በአጭሩ «ሶታ»፣ የተባለው መርሐ ግብር ሲጀመር ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። የመጨረሻው አቀበት ያለ ሞተር መወጣት አለበት። ጣቢያው የሚተከለው ከጫፉ ቁልቁል ከ25 ሜትር በማይበልጥ ክልል ውስጥ ነው። በነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር አይፈቀድም፤ ኃይሉ ከባትሪ ወይም ከፀሐይ ይምጣ። ነጥብ ለማግኘት ቢያንስ ከአራት የተለያዩ ጣቢያዎች ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። ተራራው ራሱ ከአካባቢው ጎልቶ የወጣ መሆን አለበት፤ የተለመደው መለኪያ 150 ሜትር ነው። እንደ ከፍታው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ 1,000 ነጥብ የሞላለት ተራራ ወጪ «የተራራ ፍየል» የሚል ማዕረግ ያገኛል። ቤቱ ተቀምጦ ተራራ ላይ ያሉትን እያሳደደ የሚያነጋግርም የራሱ ነጥብ አለው፤ ስለዚህ ከጫፍ የሚወጣ ደካማ ጥሪ የሚጠብቀው ጆሮ አያጣም።

ከጅሬን እስከ ማይጉዶ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በኮረብታዎች የተከበበች ከተማ ናት። ከመሐል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፦ ከዚያ ሆኖ ሰፊው ሜዳ፣ የገበያው መንገድና የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ ይታያል። በጊቤ አካባቢ የነበሩት አምስቱ መንግሥታት፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ሊሙ እናርያ፣ የተመሠረቱት በእንዲህ ያለ ኮረብታማ ምድር ላይ ነው። በአገራችን ገጠር ለቅሶ፣ ጠላት ወይም እሳት ሲመጣ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ ወደ ማዶ ይጣራል፤ የሰማው ደግሞ ለቀጣዩ ጋራ ያስተላልፋል። ከፍታ ድምፅ እንደሚያሻግር ለጅማ ሰው የሚያስተምረው አያስፈልግም።

ከጅሬን የሚበልጥ ከፍታ ሲፈለግ ዓይን ወደ ማይጉዶ ይሄዳል። ማይጉዶ በጅማ ዞን ኦሞ ናዳ በኩል ያለ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ነው። የቡና እርሻው ብዙውን ጊዜ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ እየሳሳ ይሄድና ከዚያ በላይ ገብስ፣ ቀርከሃና ደጋማ ቁጥቋጦ ይተካዋል።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ እናስብ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት ቀይ የቡና ፍሬ ይለቀማል፣ በየግቢው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አራት ተማሪዎችና አንድ መምህር ገና ሳይነጋ ጉዞ ይጀምራሉ። ከአካባቢው የተከራዩት በቅሎ ውኃና ድንኳን ትጭናለች፤ ሬዲዮው ግን በጀርባ ቦርሳ ይገባል። እንደ ያኤሱ ኤፍቲ-817 ያለው የጉዞ ሬዲዮ የወፍራም መጽሐፍ ያህል ነው፤ የሚያሰራጨው ኃይል እስከ 5 ዋት ነው። አነስተኛ የ12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ለብዙ ሰዓት ያሠራዋል።

ጫፍ ሲደርሱ የመጀመሪያው ሥራ አንቴና መስቀል ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ የሚሆነው ቀላሉ አንቴና መካከሉ ላይ ገመድ የሚገናኝበት፣ በድምሩ 10 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ ነው፤ ለ7 ሜጋኸርዝ ደግሞ 20 ሜትር። ታች ቡናው ውስጥ ቢሆን ሽቦውን ለማንጠልጠል ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሳሳው ነበር፤ ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ዛፎች ለአንቴናም ምሰሶ ይሆናሉ። ጫፉ ላይ ዛፍ ከሌለ የደቡብ ምዕራብ ቀርከሃ አለ፤ ቀላል፣ ረጅም፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ በውድ የሚሸጠውን ዘንግ የጅማ ልጅ ከገበያ በጥቂት ብር ያገኘዋል።

ከተማሪዎቹ አንዷ መዝገቡን ትከፍታለች፤ ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር፣ ፍሪኩዌንሲውንና የሚገኙበትን ቦታ ትጽፋለች። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ምድርን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍለው በፊደልና በቁጥር ይጠሯታል። ጅማ፣ አጋሮና ቦንጋ ሦስቱም ኬጄ87 በተባለው አራት ማዕዘን ውስጥ ይወድቃሉ፤ አዲስ አበባ ኬጄ99 ናት። መለያዎችን እየለቀሙ ካርታ ለሚሞሉ ሰዎች ኬጄ87ን መስማት ትልቅ ግኝት ነው። ማይክሮፎኑ ይከፈታል፣ ጥሪው ይወጣል።

ተራራው ምን ይጨምራል?

ተራራ ለሬዲዮ የሚሰጠው ጥቅም እንደ ሞገዱ ዓይነት ይለያያል። የእጅ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት የ144 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ጋራ ከገጠመው ይቆማል። በዚህ ሞገድ የሚደረስበት ርቀት በከፍታ ይወሰናል። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ዳግም ዘሩን በ4.12 ማባዛት የሬዲዮ አድማሱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከሜዳው 200 ሜትር ከፍ ካለ ኮረብታ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደረሳል፤ 1,200 ሜትር ከፍ ካለ ተራራ ግን ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ። ሁለት በእጅ የሚያዙ ሬዲዮዎች በሁለት ጫፎች ላይ ቢቀመጡ በመካከላቸው ያለውን የቡና አገር ሁሉ ተሻግረው ይነጋገራሉ።

በአጭር ሞገድ ነገሩ ይለወጣል። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አዮኖስፌር ተመልሶ ምድር ይነካል። አዮኖስፌር ፀሐይ የአየሩን ቅንጣቶች ከፋፍላ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፉ የምታደርግበት የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም በአየር መሥመር 260 ያህል ናት። ይህን ርቀት በቀን በ7 ሜጋኸርዝ ለመሸፈን ተራራ እንኳ አያስፈልግም፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ሽቦ ሞገዱን ወደ ላይ ይልከዋል፣ ሞገዱም እንደ ዝናብ በጋራውም በሸለቆውም ላይ ይወርዳል። በግልገል ጊቤ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው አዲስ አበባን ያነጋግራል፤ የጊቤ በረሃ ገደል አያግደውም።

ታዲያ አጭር ሞገድ የያዘ ሰው ለምን ተራራ ይወጣል? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ከጫፍ ላይ የተሰቀለ አንቴና ሞገዱን ወደ አድማሱ ዝቅ አድርጎ መላክ መቻሉ ነው፤ ዝቅ ብሎ የወጣ ሞገድ ደግሞ በአንድ ዝላይ ሩቅ ይደርሳል። ሁለተኛው ጸጥታ ነው። በከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መሥመሩ፣ ርካሹ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀሩና ኢንቨርተሩ ሁሉ አየሩን በማይታይ ጫጫታ ይሞሉታል። ደካማ ድምፅ በዚህ ሥር ይቀበራል። ተራራ ላይ ይህ ጫጫታ የለም፤ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት በ5 ዋት የሚጣራ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል። በሬዲዮ መናገር የሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ መስማት ነው፣ ተራራም ለመስማት የተሻለ ቦታ ነው።

ጥንቃቄም አለው። የጅማ አካባቢ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው፣ ከዝናቡ ጋርም መብረቅ አለ። ጫፍ ላይ ሽቦ ዘርግቶ መቀመጥ ነጎድጓድ ሲመጣ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ደመና ሲከብድ ሬዲዮውን ነቅሎ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ይወርዳል። ከመስቀል በኋላ ያለው በጋ ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

ከመግነጢስ ወገብ ሥር

የኢትዮጵያን ሰማይ ለሬዲዮ ሳይንስ ልዩ የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለት የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መሥመር፣ በአገራችን ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት፣ የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፒየር ጉዋን ለረጅም ጊዜ መርተውታል።

በመግነጢስ ወገብ ላይ ያለው አዮኖስፌር ከሌላው ይለያል። ቀን፣ ከምድር 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በወገቡ መሥመር ላይ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ከላይ ያለው ንብርብር ወደ ላይ ተገፍቶ ከወገቡ በሁለቱም ወገን ይዘንባል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ንብርብሩ ይናወጣል፣ በውስጡም ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። በዚያ ያለፈ የሬዲዮ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ የጂፒኤስ ምልክትም ይታወካል። ክስተቱ በተለይ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው የመስከረምና የመጋቢት ሰሞኖች ይበረታል።

ይህን ለማጥናት ውድ መሣሪያ ብቻ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት አሜሪካዊው ጆ ቴይለር ራሳቸው አማተር ሬዲዮኛ ናቸው። ደብሊውኤስፒአር የተባለውን የደካማ ምልክት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ አቅርበዋል። በዚህ ዘዴ ከአንድ ዋት በታች የሚያሰራጭ ትንሽ መሣሪያ በየጊዜው መለያውን ይልካል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተቀባዮች የሰሙትን በቀጥታ መዝግበው ለሁሉም ክፍት ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2017 በአሜሪካ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ሐምሳይ የተባለው የሳይንቲስቶችና የአማተሮች ኅብረት በእንዲህ ያለ መረጃ ግርዶሹ አዮኖስፌርን እንዴት እንደቀየረ አጥንቷል። ከአፍሪካ የሚመጣው መረጃ ግን ጥቂት ነው። ከኬጄ87 ያለማቋረጥ የሚሰማ አንድ ትንሽ ምልክት ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለዓለምም የጎደለ መረጃ ይሆናል።

መንገድ ሲዘጋ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለማዳን የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ ፍለጋው በእጅና በአካፋ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ መንገድ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ የስልክ ማማ ቢኖር እንኳ በሰው ብዛት ይጨናነቃል። በኔፓል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 መሬት ሲንቀጠቀጥ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ስልክ በተቋረጠበት ሰዓት መልእክት አስተላልፈዋል። ይህን ያስቻላቸው ቀድሞ የሠለጠኑ፣ አንቴና በደቂቃዎች መስቀል የሚችሉ፣ መልእክትን በቅደም ተከተልና በአጭሩ ማስተላለፍ የለመዱ መሆናቸው ነው። በየሳምንቱ ተራራ የሚወጣ ክበብ ለአደጋ ቀን ሲለማመድ ይኖራል። ባትሪው ሁልጊዜ የተሞላ ነው፣ ሽቦው ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ አለ።

የደቡብ ምዕራብ ተራሮችም ከዚህ ስጋት የራቁ አይደሉም። ገደላማ መሬት፣ ከባድ ዝናብና እየሳሳ የሚሄድ ደን ባሉበት ሁሉ ናዳ ይፈራል። በየወረዳው ከተማ አንድ ፈቃድ ያለው ሰው ቢኖር፣ ያለ ማማና ያለ ኢንተርኔት በ7 ሜጋኸርዝ ከጅማና ከአዲስ አበባ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ከፈቃዱ መጀመር

ሬዲዮ ማሰራጨት ያለ ፈቃድ በሕግ ያስጠይቃል፣ ሊያስጠይቅም ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ኃላፊነት ተሰጥቶታል። መሣሪያ ከማስገባትም ሆነ ተራራ ላይ ከመውጣት በፊት የሚቀድመው ፈቃዱ ነው፤ የወረዳውን አስተዳደርና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማሳወቅም እንዲሁ። ባዶ ጫፍ ላይ ሽቦና ሬዲዮ ይዞ የሚታይ እንግዳ ጥያቄ ቢያስነሣ አይገርምም። ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ቡና ጠጥተው ሥራቸውን ያስረዱ ወጣቶች ግን የአካባቢው ሰው ጓደኞች ይሆናሉ፤ ልጆቹም ተከትለው ይወጣሉ።

ለሥጋት ሳይሆን ለእምነት የሚሆን ታሪክም አለን። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከአቃቂ ሥራ ሲጀምር አገሪቱ በወረራ አፋፍ ላይ ነበረች፤ በዚያ አነስተኛ ጣቢያ በኩል የኢትዮጵያ አቤቱታ ከውቅያኖስ ማዶ ተሰምቷል። የራስን ድምፅ በራስ መሣሪያ ማሰማት ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህች አገር በክፉ ቀኗ አይታዋለች። የዛሬ ልጆቿም ሞገዱን ማወቅ፣ መሥራትና መጠገን ይገባቸዋል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍልና ከሕዝብ ጋር የመሥራት ረጅም ልምድ አለው። የክበብ ጣቢያ ለማቆም ከፈቃዱና ከሥልጠናው በቀር የሚጎድለው የለም። ባለሥልጣኑ የፈተናና የፈቃድ አሰጣጡን ለክፍለ ሀገር ተማሪዎች ቢያቀርብ፣ የአዲስ አበባው ማኅበር ደግሞ አሠልጣኝ ቢልክ ሥራው ይጀመራል። መጀመሪያ ጅሬን፣ ከዚያ ማይጉዶ።

ቀኑንም መምረጥ ይቻላል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ቀይ ባሕርን የሚሻገር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ጅማ በዚያ ሰሞን ደመና ስለሚሸፍናት ሰዎች ላያዩት ይችላሉ። አዮኖስፌር ግን ከደመናው በላይ ስለሆነ የጨለማው ጥላ ሲነካው ሬዲዮ ይሰማዋል። ፈቃድ፣ ሥልጠናና አንድ ትንሽ ጣቢያ እስከዚያ ቀን ከተዘጋጁ የጅማ ተማሪዎች ግርዶሹን ከመግነጢስ ወገብ ሥር መዝግበው ለዓለም ሊያበረክቱ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲውና ባለሥልጣኑ ዛሬ ይነጋገሩ።